በአንድ በረት አንዷ ስትታመም ሌላዋ ለምን ትተርፋለች? የከብቶች በሽታ መከላከያ ዘረመል

የቆዳ እብጠት በሽታ ወደ አንድ መንጋ ሲገባ ሁሉም ከብቶች በእኩል ደረጃ አይታመሙም። አንዷ ላም መላ አካሏ በእባጭ ተሸፍኖ ወተቷ ሲነጥፍ፣ አጠገቧ የታሰረችው ጥቂት ቀን ትኩሳት አሳይታ ታገግማለች። ዕድሜ፣ አመጋገብና ቀደም ሲል የተሰጠ ክትባት ለልዩነቱ ድርሻ አላቸው። ከወላጆች የሚወረሰው ዘረመልም እንዲሁ።

ዋነኛው የከብቶች በሽታ መከላከያ ዘረመሎች ስብስብ በ23ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ዘረመሎቹ የሚያስገኟቸው ፕሮቲኖች የቫይረሱን ቁርጥራጭ ይዘው በህዋስ ገጽ ላይ ያሳያሉ፤ ነጭ የደም ህዋሳትም ባዩት መሠረት ለመከላከል ይነሳሉ። ይሁንና አንድ ፕሮቲን ሁሉንም ቁርጥራጭ መያዝ አይችልም። ከስብስቡ መካከል ዲ.አር.ቢ.3 የተባለው ዘረመል ብቻ ከ300 በላይ ልዩ ልዩ መልኮች ተመዝግበውለታል። ጥጃ አንዱን ከእናቷ፣ ሌላውን ከአባቷ ትወርሳለች። ሁለቱ የተለያዩ ሲሆኑ የምትለያቸው የቫይረስ ቁርጥራጮች ይበዛሉ።

ይህ በግልጽ የታየው በከብት የደም ካንሰር ቫይረስ ላይ ነው። የተወሰኑ የዲ.አር.ቢ.3 መልኮችን የወረሱ ላሞች ቢያዙም በደማቸው የሚገኘው የቫይረስ መጠን አነስተኛ ነው፤ ወደ ሌሎች የማስተላለፍ ዕድላቸውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የቆዳ እብጠት በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 በጣና ሐይቅ አካባቢ ነው። ከሆልስታይን ጋር የተዳቀሉ ላሞች ከአገር በቀል ዝርያዎች ይልቅ በብርቱ ይጎዳሉ። ልዩነቱን በሙሉ ለእነዚህ ዘረመሎች መስጠት ግን ስህተት ነው፤ የቆዳ ውፍረትና አያያዝም አሉበት።

ለአርቢው ዋናው ጉዳይ ኮርማው ነው። አንድ ኮርማ በመንጋው ለረጅም ዓመታት ቆይቶ የራሱን ልጆች ሲያጠቃ፣ ጥጆቹ ከሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ዘረመል የመውረስ ዕድላቸው ይጨምራል። ስለዚህ ጊደሮች ለጥቃት ከመድረሳቸው በፊት ኮርማውን መለወጥ ይገባል። በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያስጠቁ አርቢዎችም አዳቃዩ የኮርማውን መለያ ቁጥር እንዲመዘግብላቸው መጠየቅ ይችላሉ።

ዘረመል ክትባትን አይተካም። አንዱን ቫይረስ የምትቋቋም ላም በሌላው ልትወድቅ ትችላለች። በ1880 ዓ.ም. ገብቶ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባትና በክትትል ነው። የቆዳ እብጠት ክትባት ተናካሽ ዝንቦች ከሚበዙበት ወቅት አስቀድሞ ይሰጣል። እባጭ የታየባትን ላም ለይቶ ማሰር፣ ወደ ገበያ አለማውጣትና በአቅራቢያ ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ኬላ በዚያው ዕለት ማሳወቅ ያስፈልጋል።