አቮካዶው ፒያሳ ገባ፤ ልጃችንስ ቀመሰው?

ለጉዳይ አዲስ አበባ የመጣ ገበሬ ፒያሳን ሳያይ አይመለስም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው አራዳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማው ትልቅ ገበያ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ገበያው ወደ መርካቶ ተዛወረ። አትክልት ተራ ግን ለብዙ ዓመታት ከፒያሳ ሥር ቆየ። እርሱም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። የከተማው ሰው የጭማቂ ፍቅር ግን አልቀረም።

ጭማቂ ቤት ገብታችሁ «ስፕሪስ» ብትሉ በረጅም ብርጭቆ ተደራርቦ ይመጣላችኋል። አረንጓዴው አቮካዶ ነው፤ ብርቱካናማው ፓፓያ ወይም ማንጎ ነው፤ አንዳንዴም ዘይቱን ይጨመርበታል። ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ከመወፈሩ የተነሣ በማንኪያ ይበላል እንጂ አይጠጣም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፍሬ ከየት መጣ? ከገበሬው ጓሮ ነዋ! አቮካዶው ከሲዳማና ከወላይታ፣ ማንጎው ከአርባ ምንጭ ይመጣል። እስቲ አሁን ራሳችንን እንጠይቅ። ፍሬውን በጆንያ ሞልቶ ለገበያ የላከው ገበሬ፣ ቤቱ ያለው ሕፃን ዛሬ ምን በላ? ብዙ ጊዜ መልሱ «ቀጭን አጥሚት» ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት 100 ሕፃናት 37ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ይኸውም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል አልሆነም ማለት ነው። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን ልጁ በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ መብላቱ ነው።

«እኛ ጋ መብራት የለ፣ መፍጫ የለ፤ በምን እንሥራው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለሕፃን መፍጫ አያስፈልግም። ሹካ ይበቃል።

መቼ ይጀመር?

«ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ይላል ያገራችን ሰው። እውነቱን ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያሻውም። 6 ወር ሲሞላው ግን ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመርለት።

እንዴት ይሠራ?

አንደኛ፦ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፍሬውንም ሳትቆርጡት በፊት እጠቡት።

ሁለተኛ፦ የበሰለ አቮካዶና ፓፓያ ልጣጩንና ዘሩን አውጥታችሁ በሹካ ዳምጡት። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ከሆነ እስኪለሰልስ ቀቅሉና አድቅቁት።

ሦስተኛ፦ ከወፈረ በጡት ወተት ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አቅጥኑት።

አራተኛ፦ በሁለትና በሦስት ማንኪያ ጀምሩ። በጡጦ አይሁን። የተረፈውን አታሳድሩ፤ ይበላሻልና።

ለምን ይቀላቀላል?

ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ካሮትና ዱባ ለዓይንና በሽታን ለመከላከል የሚረዳውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ይህ ቫይታሚን ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ነው። አቮካዶ ደግሞ ቅባት አለው። ዘይቱን በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ስለሆነ፣ በጎመንና በባቄላ ውስጥ ያለው ብረት ለልጁ ደም እንዲደርስ ያግዛል።

ከምን እንጠንቀቅ?

የፒያሳውን ብርጭቆ እንዳለ ለሕፃን አትስጡ፤ ስኳር ይጨመርበታልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በስኳር የጣፈጠ መጠጥ እንዳይሰጠው መክሯል። ማርም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ክልክል ነው፤ የሕፃን አንጀት የማይችለው መርዛም ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ተጨምቆ የተጣራ ጭማቂም ዓመት ሳይሞላው አይሰጥ። ሥጋው ተጥሎ ውሃው ብቻ ይቀራልና የተዳመጠው ፍሬ ይሻላል። ደግሞም ፍሬ ገንፎውን፣ እንቁላሉንና ጥራጥሬውን አይተካም። ከእነርሱ ጋር ይጨመራል እንጂ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ፍሬውን አትሽጡ አላልንም፤ ጨውና ደብተር በምን ይገዛል? ነገር ግን ጆንያው ከመታሰሩ በፊት ከአሥሩ አንዱ ለልጅ ይቅር። የከተማው ሰው በገንዘቡ የሚገዛውን፣ ያበቀለው ቤት ልጅ ሊያጣው አይገባም።

ይህን ያነበባችሁ ላላነበቡት አንብቡላቸው። እናትም አባትም ይስሙት፤ በተለይ ነገ ገበያ የሚወጣው!