ፈረሱ ያሸንፋል፤ ዋጋውስ?

ሪች ስትራይክ በኬንታኪ ደርቢ የሮጠው በሌላ ፈረስ ቦታ ነው። በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ የሚካሄደው ይህ ውድድር ከ20 ፈረስ በላይ አያስተናግድም፤ እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጠባባቂ ነበር። ውድድሩ አንድ ቀን ሲቀረው አንድ ፈረስ ከዝርዝሩ ወጣና ጥግ ላይ ያለችው 20ኛዋ የመነሻ በር ለእሱ ደረሰችው። ከወራት በፊት በ30 ሺህ ዶላር የተገዛ፣ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ያሸነፈ ፈረስ ስለነበር የውርርድ ሰሌዳው 80 ለ 1 ሰጠው። ቀድሞ ገባ። 2 ዶላር ያስያዘበት ሰው 163 ዶላር ከ60 ሳንቲም ተከፈለው።

ይህን የሰማ ጀማሪ «ታዲያ ማጥናቱ ለምን ይደከማል? ዕድል ነው እንጂ» ቢል አይፈረድበትም። በፈረስ ውርርድ የበሰሉ ሰዎች ግን ከውጤቱ ይልቅ ስለ ቁጥሩ ይጠይቃሉ፤ 80 ከየት መጣ? ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ቁጥሩን ያወጡት ተወራራጆቹ ራሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በእግር ኳስ የሚወራረድ ወጣት ኦድ የሚያውቀው አወራራጁ ድርጅት አስቀድሞ የሚያወጣው ዋጋ አድርጎ ነው፤ ትኬቱን አንዴ ከቆረጠ በኋላም አይለወጥበትም። በአሜሪካ የፈረስ መም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሰዎች «ያሸንፋል» ብለው በየፈረሱ ያስያዙት ገንዘብ በአንድ ቋት ይጠራቀማል። አዘጋጁ ድርሻውን ያነሣል፤ የተረፈው አሸናፊውን ለያዙት እንዳስያዙት መጠን ይከፋፈላል። ዘዴውን በ1867 ፓሪስ ውስጥ የጀመረው ዦዜፍ ኦሌር ነው። ታዋቂውን የሙላን ሩዥ ጭፈራ ቤት ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱም እሱ ነበርና፣ የሰው ገንዘብ በፈቃዱ ከኪሱ የሚወጣበትን መንገድ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

በቋቱ 10,000 ዶላር ገብቷል እንበል። የደርቢው ሜዳ ቸርችል ዳውንስ በ2014 ድርሻውን ከ16 ወደ 17.5 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ በዚሁ ልክ ሲቀነስ 8,250 ዶላር ይቀራል። በአንዱ ፈረስ ላይ የተያዘው 1,650 ዶላር ከሆነ፣ እሱ ሲያሸንፍ እያንዳንዱ ዶላር 5 ሆኖ ይመለሳል። አንዱ ዋናው፣ አራቱ ትርፍ ነው፤ ሰሌዳው ላይ 4 ለ 1 ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ፈረስ ከአምስት አንዴ ቢያሸንፍ የያዘው ሰው አይከስርም፣ አያተርፍም። ስለዚህ «ይህ ፈረስ ከአራት አንዴ ያሸንፋል» ብሎ ያሰላ ሰው ይቆርጥበታል። ከስድስት አንዴ ነው ብሎ ያሰላ ግን፣ ያሸንፋል ብሎ የሚጠብቀው ፈረስ እንኳ ቢሆን፣ እጁን ይሰበስባል። ጀማሪዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ የወደዱትን ፈረስ በባዶ ኪስ መመልከት ያንገበግባል።

ይህ ሁሉ ስሌት በእጅ በሚሠራበት ዘመን ብዙ ስሕተትና ማጭበርበር ነበረበት። መላ ያበጀለት በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጆርጅ ጁሊየስ ነው። ማሽኑን መጀመሪያ የነደፈው የምርጫ ድምፅ ለመቁጠር ነበር፤ መንግሥት አልቀበልም ሲለው ወደ ፈረስ አዞረው። በ1913 በኒውዚላንድ ኦክላንድ፣ ኤለርስሊ ሜዳ ላይ የተተከለው የመጀመሪያው ማሽን በፒያኖ ሽቦ፣ በመዘውርና በተንጠልጣይ ክብደት የሚሠራ፣ አንድ ቤት የሚሞላ ግዙፍ ነገር ነበር።

በቋት ውርርድ የተወራራጁ ባላጋራ ከፊቱና ከኋላው የተሰለፈው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ሞኝ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ገንዘብ የተያዘበት ፈረስ ከሦስት ውድድር አንዱን ያህል ያሸንፋል። ያም ሆኖ በየውድድሩ እሱን ብቻ እየያዘ የሚሄድ ሰው ውሎ አድሮ መበላቱ አይቀርም፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የአዘጋጁ ድርሻ ግን ሁሌም ይነሣል። በ1973 ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ የቤልሞንት ስቴክስን ውድድር በ31 የፈረስ ርዝመት ሲያሸንፍ 2 ዶላር ላስያዘ የተመለሰለት 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር። ከ5,600 የሚበልጡ አሸናፊ ትኬቶች ሳይመነዘሩ ቀሩ፤ ሰዉ ከ20 ሳንቲሟ ትርፍ ይልቅ ወረቀቷን ለማስታወሻ ማስቀመጥ መረጠ።

ሕዝቡ የተሳሳተበትን ቦታ ለማግኘት ማንበብ ያስፈልጋል። ከ1894 ጀምሮ የሚታተመው ዴይሊ ሬሲንግ ፎርም የእያንዳንዱን ፈረስ ያለፉ ሩጫዎች በደቃቅ ፊደል ይዘረዝራል። አንዱ ሩጫ አንድ መስመር ነው። ቀኑ፣ ሜዳው፣ ርቀቱ፣ መሙ ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ፣ መሪው በየምዕራፉ ያስመዘገበው ሰዓት፣ ፈረሱ በየምዕራፉ ስንተኛ እንደነበርና በስንት ርዝመት እንደተቀደመ፣ ጋላቢው፣ የተሸከመው ክብደት፣ የዚያን ቀን ዋጋው፤ ሁሉም እዚያች መስመር ላይ ተጨናንቀዋል። አንድ የፈረስ ርዝመት በግምት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው የቴሌግራም ኮድ ይመስለዋል።

ከዚያች መስመር ውስጥ ጀማሪው ቶሎ ሊለምደው የሚገባ የውድድሩ ደረጃ ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ውድድር የሽያጭ ውድድር ነው። በ20 ሺህ ዶላር ውድድር ውስጥ የገባን ፈረስ፣ ፈቃድ ያለው ሌላ ባለቤት ከሩጫው በፊት ጥያቄውን አስገብቶ በ20 ሺህ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ማንም 100 ሺህ የሚያወጣ ፈረሱን ርካሾቹ መሐል አስገብቶ በቀላሉ አያሸንፍበትም፤ ፈረሱን ይነጠቃልና። በ50 ሺህ ሲሮጥ የነበረ ፈረስ ድንገት በ10 ሺህ ብቅ ካለ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ጉልበቱን ይጠረጥራል። ሪች ስትራይክ የተገዛውም እንዲህ ባለ ውድድር ነው። ገዥዎቹ ጥያቄያቸውን ካስገቡ በኋላ በ17 ርዝመት አሸነፈ፤ ሻጮቹ ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም።

ሰዓት ለብቻው ያታልላል። ዝናብ ባለሰለሰው መም ላይ የተመዘገበ ሰዓትና በጠንካራ መም ላይ የተመዘገበ ሰዓት አይነጻጸሩም። በዋሽንግተን ፖስት አምደኝነቱ የሚታወቀው አንድሩ ባየር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ መፍትሔውን አስረዳ። በዕለቱ የሮጡትን ፈረሶች ሁሉ ከደረጃቸው ከሚጠበቀው ሰዓት ጋር እያነጻጸረ መሙ ምን ያህል ፈጣን ወይም ዘገምተኛ እንደነበር ያሰላል፤ ያንን አስተካክሎ ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ በእሱና በጥቂት ጓደኞቹ እጅ በነበረበት ጊዜ የገቢ ምንጭ ነበር። ከ1992 ጀምሮ ግን በዴይሊ ሬሲንግ ፎርም ላይ ለሁሉም ይታተማል፤ ሁሉም ሲያየው ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ፈረስ ዋጋው ወረደ። ትክክለኛ መረጃ እንደሆነ ቢቀጥልም የብልጫ ምንጭነቱ ግን ሳሳ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያለ አስተማሪ የሚገባው አንድ ክፍል አለ፤ የዙር አከራረር። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ያየ ሁሉ ዙሩ ገና ከጅምሩ ሲከር ማን እንደሚጠቀም ያውቃል፤ ከኋላ ሆኖ ጉልበቱን የቆጠበው። ፈረስም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ከበሩ እንደወጣ ካልመራ አይሆንለትም፣ አንዳንዱ ከኋላ ቆይቶ ይመጣል። ብልኅ አንባቢ በወረቀቱ ላይ መምራት የሚወዱትን ይቆጥራል። አንድ ብቻ ከሆነ ያለ ተቀናቃኝ ሊያመልጥ ይችላል፤ አራት አምስት ከሆኑ ይጨራረሳሉ። በ2022ቱ ደርቢ ከዱባይ የመጣው ሰመር ኢዝ ቱሞሮው የመጀመሪያዎቹን 400 ሜትሮች ገደማ በ21.78 ሰከንድ ሮጠ፤ በደርቢው ታሪክ ከዚያ የፈጠነ አጀማመር የለም። መጨረሻ ሆኖ ገባ። ሪች ስትራይክ ደግሞ ከኋለኞቹ ጋር ቆይቶ በመጨረሻው ቀጥታ በውስጠኛው አጥር ሥር ሾልኮ ወጣ። ዙሩን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ከኋላ የሚመጡትን ሊመርጥ ይችል ነበር፤ ከእነሱም መካከል በትክክል እሱን መርጫለሁ የሚል ካለ ግን መጠርጠር ይሻላል። ሪች ስትራይክ ከዚያ ወዲህ አንድም ውድድር አላሸነፈም።

ከሩጫው በፊት ፈረሶቹ ለዕይታ በሚቀርቡበት አጥር ውስጥ ሲዞሩ ማየትም የትምህርቱ አካል ነው። የሚያብለጨልጭ ቆዳ፣ የቆመ ጆሮና የተረጋጋ እርምጃ ጥሩ ምልክት ናቸው፤ በኋላ እግሮቹ መሐል አረፋ የሚደፍቅ ላብ የመጨነቅ ምልክት ነው። ፈረስ ከልጅነቱ የማያውቅ ሰው ግን እዚህ ላይ ብዙ ባይታመን ይበጀዋል። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተንና በባልቲሞር መሐል ያለው የሎረል ፓርክ የፈረስ ሜዳ ይህን ያለ ምንም ውርርድ ለማየት ይመቻል።

ሕዝቡን አሸንፌ እበላለሁ ያለና የተሳካለት ሰው ቢፈለግ የሚጠራው ቢል ቤንተር ነው። የፒትስበርግ ልጅ፣ በላስ ቬጋስ ካርታ እየቆጠረ የኖረ ሰው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአጋሩ ከአለን ዉድስ ጋር ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደ። የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሃፒ ቫሊና ሻ ቲን በሚባሉት ሁለት ሜዳዎች ያው ፈረሶች ደጋግመው ስለሚገናኙ መረጃው የተሟላ ነበር፤ ቋቱም ግዙፍ። የፈረሶቹን ያለፈ ታሪክ በኮምፒውተር አስልቶ የእያንዳንዱን የማሸነፍ ዕድል አወጣ። መጀመሪያ ላይ ከሰረ። ነገሩ የተቃናለት የሕዝቡን ዋጋ ራሱን እንደ አንድ መረጃ ወደ ስሌቱ ሲጨምር ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተወራራጆች በጋራ የሚያውቁትን እሱ ብቻውን አያውቅምና። በ1994 አሠራሩን በጽሑፍ አሳተመ።

የዛሬው ጀማሪ የሚገባው የቤንተር ልጆች በሞሉት ቋት ውስጥ ነው። ከአዘጋጆች ተመላሽ ቅናሽ የሚያገኙ የኮምፒውተር ተወራራጆች ሩጫው ሊጀመር ሰከንዶች ሲቀሩት ገንዘባቸውን ያፈስሳሉ። በ5 ለ 1 የቆረጠ ሰው በሩ ተከፍቶ ፈረሱ እየሮጠ ሳለ ሰሌዳው 3 ለ 1 ሲያሳየው «ከሩጫው በኋላ ነው እንዴ የሚያስይዙት?» ብሎ ይጮኻል። የዘገየው ቁጥሩ እንጂ ውርርዱ አይደለም፤ ያም ሆኖ ቅሬታው በርትቶ የኒውዮርክ የፈረስ ውድድር ማኅበር እነዚህ ተወራራጆች ለመነሻው ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከአሸናፊው ቋት እንዲወጡ ደንግጓል። ዋጋው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሊወርድ ስለሚችል፣ 4 ለ 1 በቂ ነው ብሎ ያሰላ ተወራራጅ ሰሌዳው ላይ 6 ወይም 7 ለ 1 ካላየ በቀር አይነካውም።