ስንዴው ቢጫ የሆነው ማዳበሪያ አጥቶ ነው ወይስ አየር?

ክረምት ራሕመት ነው፤ በዋልካ መሬት ላይ ስንዴ የዘራ ገበሬ ግን ሐምሌ ሲጋመስ ይጨነቃል። ስንዴው ከታችኛው ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ይሆንበታል። ብዙዎች «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ብለው ዩሪያ ይጨምራሉ። የዩሪያን ዋጋ ለገበሬ እኛ አንነግረውም። ማሳው ላይ ውሃ እንደተኛ የተበተነ ዩሪያ ግን በአብዛኛው የባከነ ገንዘብ ነው።

ሥርም እንደ እኛ ይተነፍሳል። ኦክስጅን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ በውሃ ሲሞላ አየር መግባት ያቅተዋል፤ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰርገው በአየር ውስጥ ከሚሰርግበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዝግ ብሎ ነውና። የታፈነ ሥር አቅም ስለሚያጣ ምግብ መሳብ አይችልም። ተክሉም ናይትሮጅንን ከአሮጌ ቅጠሎቹ እየወሰደ ለአዲሶቹ ይሰጣል፤ ቢጫው ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አየር ያጡ ባክቴሪያዎች በአፈሩ የቀረውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ለውጠው ያበኑታል።

ለማረጋገጥ አንድ ጥንድ ስንዴ መንቀል ይበቃል። ሥሩ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ከጠቆረና ከሸተተ፣ የተነቀለበት ጉድጓድም ውሃ ካቆረ፣ ችግሩ አየር ነው። ዩሪያው የሚጠቅመው ውሃው ከወጣ በኋላ ነው።

ሁሉም ሰብል እኩል አይጎዳም። ሩዝ ከቅጠሉ እስከ ሥሩ አየር የሚያወርድ መተላለፊያ አለው። ኑግና ጤፍም ከስንዴ ይሻላሉ። ጓያም ይችላል፤ እሱን አዘውትሮ መብላት እግር እንደሚያሽመደምድ ግን አንርሳ። ምስርና ሽምብራ አይችሉም። አባቶቻችን ሽምብራን ዝናቡ ሊወጣ ሲል በቀረው እርጥበት የሚዘሩት በከንቱ አይደለም።

ስንዴን ቀድሞ መዝራት የሚፈልግ ውሃውን ማውጣት አለበት። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ ተሰባስቦ በእጁ አፈር እየዛቀ ሰፋፊ መደብና ቦይ ሲሠራ ኖሯል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ሸክሙም በሴቶችና በልጆች ላይ ይበዛል። ከዚህ ልምድ በመነሳት በበሬ የሚጎተት፣ ከማረሻ የተሠራ መደብ ማውጫ ተዘጋጅቷል። 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል።

ቦዩ መውጫ ከሌለው ግን ውሃውን ወደ ጎረቤት ማሳ መግፋት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ፣ በግንቦት፣ ከታችኛው ማሳ ባለቤት ጋር ውሃው በየት በኩል እንደሚያልፍ መነጋገር ከማረሻውም ይቀድማል።