ከሲና እስከ ሚያዋዲ፦ የማስለቀቂያ ንግድ መንገዱን ሲቀያይር

በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ከሲና በረሃ የሚደወል ስልክ ለብዙ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አዲስ መዓት ነበር። ከዚያ በፊት ሰው የሚያውቀው ደላላ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ድንበር የሚያሻግር፣ ሲከፋም በረሃ ላይ ጥሎ የሚጠፋ ነው። የሲናዎቹ ግን ሒሳቡን ገለበጡት። ወደ እስራኤል ለመሻገር የተነሳውን፣ ወይም ከምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ዙሪያ በግድ የታፈነውን ወጣት በሰንሰለት አስረው፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ጀርባው ላይ እያንጠባጠቡ ስልኩን ጆሮው ላይ ይደግኑለታል። ጩኸቱን እናቱ እንድትሰማው ነው። የሚጠየቀው ገንዘብ መጀመሪያ ጥቂት ሺሕ ዶላር ነበር፤ ኋላ 30 ሺሕና 40 ሺሕ ገባ። ይህን ያህል ገንዘብ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ከብት ሸጦ አይሞላውም፤ የጎደለው በቴል አቪቭም በዋሽንግተንም ከዘመድና ከቤተ ክርስቲያን ምእመን በመዋጮ ይሰበሰባል። አጋቾቹ ዲያስፖራ ምን እንደሆነ ከማንም ቀድመው ገብቷቸው ነበር ማለት ይቻላል።

የሲናን ገበያ የዘጋው ፍርድ ቤት አይደለም። እስራኤል የድንበር አጥሯን አጠናቀቀች፤ የግብፅ ጦርም ከ2005 ክረምት ጀምሮ በሰሜን ሲና ታጣቂዎች ላይ ዘመተ። መንገዱ ወደ ሊቢያ ዞረ።

መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሊቢያ የተነሳች ጀልባ ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። አውሮፓ የደነገጠው ያኔ ነው። ባሕሩ ግን የጉዞው መጨረሻ እንጂ ዋናው ገበያ አልነበረም። ገበያው ከትሪፖሊ በስተደቡብ ምሥራቅ ባኒ ዋሊድ በተባለችው ከተማ መጋዘኖች ውስጥ ነበር። ስደተኛው «ይህን ያህል ከፍለህ ትሻገራለህ» ተብሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ዋጋው ይጨመራል፤ ከፍሎ ሲያበቃ ደግሞ ለሌላ አዘዋዋሪ ይሸጥና ሒሳቡ ከዜሮ ይጀምራል። የሲናው የስልክ ጩኸት በቪዲዮ ተተካ፤ ገንዘቡም ከባንክ ውጭ በሚሠራ ሃዋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ደረሰኝ አይተውም።

በታኅሣሥ 2007 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2195 አሸባሪዎች ከድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀል ጥቅም እያገኙ መሆኑን ጠቅሶ አገሮች እንዲተባበሩ አሳሰበ። ከአራት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ አይ.ኤስ. የተባለው አሸባሪ ቡድን ሊቢያ ውስጥ 30 ያህል ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል የአዲስ አበባው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ስለነበሩበት እዚያ ድንኳን ተጣለ፤ በአገር ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። በዚያ ሰሞን ደላላውና ገዳዩ እንደ አንድ ሰው ይወሩ ነበር። እኔ አይመስለኝም። አዘዋዋሪ ስደተኛውን በሕይወት ይፈልገዋል፤ የሞተ ሰው ማስለቀቂያ አይከፈልለትም። አሸባሪው የሚፈልገው ሞቱን፣ ያውም በካሜራ ፊት ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው መንግሥት የሌለበት መንገድ ነው፤ አንዱ ሰው ጭኖ ያልፍበታል፣ ሌላው ኬላ ይዘረጋበታል። ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም፤ አሸባሪን ለመያዝ የተሠራ ዘመቻ የሃዋላውን ሒሳብ አይነካውምና።

በሕግ በኩል የተሠራ አልጠፋም። ኢትዮጵያ በ2007 አዋጅ ቁጥር 909ን፣ በ2012 ደግሞ እሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 1178ን አውጥታለች። የጸጥታው ምክር ቤትም በግንቦት 2010 ሊቢያ ውስጥ በሰው ማዘዋወር በተጠረጠሩ ስድስት ሰዎች ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ሁለቱ ኤርትራውያን ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም ጉዳይ ነው። የባኒ ዋሊድን መጋዘን ያስተዳድር ነበር የተባለው ይህ ሰው በ2012 አዲስ አበባ የተያዘው በሳተላይት ክትትል አይደለም፤ እሱ ዘንድ ታግቶ የነበረ ወጣት መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ በመጠቆሙ ነው። በየካቲት 2013 ችሎት ቀርቦ ሳለ ከፍርድ ቤቱ አመለጠ፤ የዕድሜ ልክ እስራትም በሌለበት ተፈረደበት። እንደገና የተያዘው በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ ነው። በዚህኛው ጊዜ የኤምሬትስ ፖሊስና ኢንተርፖል የተከተሉት የገንዘቡን ዱካ ነበር። ዋሊድ በሚል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከተፈረደበት በኋላ በ2015 ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ።

እነዚህ ሰዎች ሲያዙ ገበያው ሌላ መልክ ይዞ ነበር። አሁን በቴሌግራም የሚመጣው ማስታወቂያ በረሃም ጀልባም የለበትም፦ ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ሥራ፣ ጥሩ ደመወዝ። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ዲግሪ የያዘ ወጣት በቦሌ በኩል ሕጋዊ ቪዛ አስመትቶ ይወጣል። ባንኮክ ሲደርስ መኪና ይቀበለውና ወንዝ አሻግሮ ሚያንማር፣ ሚያዋዲ ዙሪያ ታጣቂዎች በሚጠብቁት ግቢ ውስጥ ያስገባዋል። እዚያ የሚሠራው በሐሰት ስምና ፎቶ የባዕድ አገር ሰው አፍቃሪ መስሎ ማውራት፣ ከዚያም ወደ ሐሰተኛ የክሪፕቶ ኢንቨስትመንት መሳብ ነው። ኮታውን ያላሟላ በኤሌክትሪክ ይጠበሳል። እወጣለሁ ያለ ማስለቀቂያ ይጠየቃል፤ ስልኩም እንደ ዱሮው አገር ቤት ይደወላል። ከሲናው የሚለየው ታጋቹ ራሱ በግድ ሌላውን ሰው እንዲዘርፍ መደረጉ ነው፤ ፖሊስ ሲያገኘው ተበዳይ ይሁን ወንጀለኛ መለየት ያስቸግራል።

በጥር 2017 መጨረሻ ታይላንድ ወደነዚህ አካባቢዎች የምትልከውን ኤሌክትሪክ፣ ነዳጅና ኢንተርኔት አቋረጠች። በየካቲት ታጣቂዎቹ 260 ያህል ሰዎችን አስረከቡ፤ ብዛት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። በቀጣዮቹ ሳምንታት በሺሕ የሚቆጠሩ ሌሎች ከግቢዎቹ ቢወጡም ብዙዎቹ የአውሮፕላን ትኬት የሚችልላቸው እስኪገኝ ድረስ እዚያው ድንበር ላይ፣ ባስወጧቸው ታጣቂዎች ጥበቃ ሥር ቆዩ።