ከፍ የተደረገ መኪናና የተዘነጋው ዘንግ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሰበታ ሲደርስ፣ በስተቀኙ የወጨጫ ተራራ ከነግርማው ቆሞ፣ በስተፊቱ ደግሞ ወደ በቾ የሚዘረጋው ጥቁር መሬት ተነጥፎ ያያል፤ ተራራውም ሜዳውም በመኪና ለሚተዳደር ሰው የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ በትውፊት ወደሚነገርለት ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚያወጣው ጥርጊያ መንገድ ድንጋያማና አቀበታም ሲሆን፣ የበቾው መረሬ አፈር ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ሲጠግብ ጎማን ይዞ የማይለቅ ጭቃ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ያለው ሰው መኪናውን ከመሬት ከፍ ለማድረግ ቢመኝ፣ ምኞቱን የወለደው የኑሮ ግዴታ እንጂ የከንቱ ውዳሴ ፍቅር አይደለምና ሊነቀፍ አይገባውም።

የሚያሳዝነው ግን፣ ባለንብረቱ ስለ ባሌስትራው ጥንካሬ፣ ስለ ጎማው ስፋትና ስለ ዋጋው አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ ሥራውን በጸጥታ ስለሚፈጽመው ዘንግ የሚጠይቅ ከስንት አንድ መገኘቱ ነው። መኪናው ከፍ ባለ ማግስት ዕዳውን የሚከፍለው ግን ይኸው ዘንግ ነው።

ሞተር የወለደው ኃይል በፍሪሲዮንና በካምቢዮ አልፎ ወደ ዲፈረንሻል የሚደርሰው ውስጡ ባዶ በሆነ ረዥም የብረት ዘንግ አማካይነት ነው። ካምቢዮው ከሻንሲው ጋር ታስሮ በቦታው የሚኖር ሲሆን፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከአክስሉ ጋር ከባሌስትራው ሥር ተይዞ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይወርዳል፣ ጉብታም ባገኘ ቁጥር ይወጣል፤ እንግዲህ በእነዚህ በማይነቃነቀውና ዕረፍት በሌለው መካከል ተላላኪ ሆኖ የቆመው ዘንግ እየዞረ መታጠፍ፣ እየታጠፈም መርዘምና ማጠር ግዴታው ነው። መታጠፉን የሚያስችለው በሁለቱ ጫፎቹ ያለው፣ ሁለት ሹካዎችን በመስቀል የሚያጋጥመው ክሮቼራ ሲሆን፣ መርዘምና ማጠሩን የሚያስችለው ደግሞ ጥርስ በጥርስ ገብቶ የሚንሸራተተው እጅጌ ነው።

የክሮቼራ ጥበብ ጥንታዊ ነው። ኢጣሊያዊው ሊቅ ጄሮላሞ ካርዳኖ (1501–1576 እ.ኤ.አ.) በየአቅጣጫው ስለሚታጠፍ ማንጠልጠያ በመጻፉ ስሙ በመገጣጠሚያው ላይ ቀርቷል፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክም በ1676 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ መሣሪያ ገልጿል። የመሣሪያው ባሕርይ አንድ ሕፀፅ አለበት፤ ይኸውም በታጠፈ ጊዜ የሚሰጠው ዙር ከሚቀበለው ዙር ጋር እኩል አለመሆኑ ነው። ካምቢዮው ያለ መናወጥ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ከክሮቼራው ወዲያ ያለው ዘንግ በዚያች በአንዲት ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። የጥንቶቹ መሐንዲሶች ይህን ሕፀፅ ያስወገዱት በሌላኛው ጫፍ ሁለተኛ ክሮቼራ በመትከል ነው፤ ሁለቱ ክሮቼራዎች በእኩል ማዕዘን ከታጠፉና ሹካዎቻቸውም በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ፣ የፊተኛው ያናወጠውን የኋለኛው ያረጋጋዋል፣ ዲፈረንሻሉም የሚቀበለው ዙር እንደ ካምቢዮው ዙር የተስተካከለ ይሆናል። የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ማዕዘኑ ማነሱ ብቻ አይበቃም፣ ከሁለቱም ወገን እኩል መሆን አለበት።

አሁን መኪናውን ከፍ እናድርገው። በካምቢዮውና በዲፈረንሻሉ መካከል በአግድም 120 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢኖርና ዲፈረንሻሉ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ የዘንጉ ዝንባሌ 5 ዲግሪ ያህል ነው፤ መኪናው 10 ሴንቲ ሜትር ሲጨመርለት ወደ 9 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል። ዘንጉ አጭር ከሆነ ግን መከራው ይበረታል፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያው 10 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 9 ዲግሪ ተኩል የነበረው ዝንባሌ ከ18 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ ማዕዘን ላይ፣ ካምቢዮው በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር፣ የዘንጉ ፍጥነት ከ1,900 እስከ 2,100 ባለው መካከል በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይዋዥቃል። ሁለተኛው ክሮቼራ ለዲፈረንሻሉ ቢያስተካክለውም እንኳ ዘንጉ ራሱ ከዚህ ንውጽውጽታ አያመልጥም፤ አጭር መኪና ከፍ ማድረግ ከረዥሙ ይልቅ የሚያስፈራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍ የማድረጊያው መንገድ ምርጫም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአክስልና በባሌስትራ መካከል ልሙጥ የብረት ጉማጅ ሲገባ፣ ዲፈረንሻሉ ወደ ታች ይርቃል እንጂ አንገቱን አያዞርም፤ ማዕዘኖቹ ቢያድጉም እኩልነታቸው ይጠበቃል። የኋለኛው የባሌስትራ ማንጠልጠያ ሲረዝም ግን ባሌስትራው በፊተኛው ጫፉ ላይ ስለሚዞር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይቀናል፣ የሁለቱም ማዕዘን እኩልነት ይፈርሳል። ይህን የሚያቀናው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። ባለሙያዎች አፍንጫውን ከትክክለኛው እኩልነት 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ይተዉታል፤ ምክንያቱም መኪናው ሸክም ይዞ አቀበት ሲገፋ ባሌስትራው ስለሚጠመዘዝ አፍንጫው በራሱ ጊዜ ቀና ይላል። ሽብልቁ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ይሁን፤ ለስላሳው በሸክም ሲደቆስ ማሰሪያ ብሎኖቹ ይላላሉ።

በፊተኛው አክስል ግን ይህ መድኃኒት ራሱ በሽታ ያመጣል። ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በጃፓን የተሠራው ባለ 40 ላንድ ክሩዘርም ሆነ ባለ 60ው ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ያላቸው ናቸው፤ መሪውን የሚያዞሩት ምሰሶዎችም ከዚያው ከአክስሉ አካል ጋር የተዋሐዱ ናቸው። ወደ ፊተኛው አክስል የሚሄደውን ዘንግ ለማቅናት የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ ሲያነሡት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የምሰሶዎቹ የኋልዮሽ ዘንበልታ ይቀንሳል፣ መኪናውም በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ መዋለል ይጀምራል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ግን እኔ የማስቀድመው መሪውን ነው፤ ዘንግ ቢሰበር መኪና ያቆማል፣ መሪ ቢከዳ ግን ነፍስ ያጠፋል። ከጭንቁ መውጫው መጠነኛ ከፍታን መቀበል ነው፤ ከዚያም ካለፈ በካምቢዮው በኩል ሁለት ክሮቼራ በአንድነት የተጋጠሙበትን ዘንግ ማስገባት ነው፤ በእንዲህ ያለው ዘንግ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ዘንጉን ቀጥታ እንዲመለከት ይደረጋል፣ የእኩልነቱም ሕግ ይቀራል።

ስለ ርዝመቱም ቸል ማለት አይገባም። በምሳሌያችን ረዥሙ ዘንግ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት አልፎ፣ አጭሩ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ያንን ርዝመት የሚያገኘው እጅጌው ወደ ውጭ በመውጣት ስለሆነ፣ የተያያዙት ጥርሶች ቁጥር ሳይሆን ርዝመታቸው ያጥራል። ዘንጉን በቶርኖ ቤት ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም የተለመደ ነው፣ መልካምም ነው፤ ነገር ግን ብየዳው ለጥቂት እንኳ ከመሐል ከሳተ ዘንጉ ሲዞር ይርገበገባልና ሚዛኑ ሳይፈተን መግጠም አይገባም። እንደ አይሱዙ ባሉት ረዣዥም የጭነት መኪናዎች ዘንጉ በሁለት ተከፍሎ በመሐል ኩሽኔታ ስለሚደገፍ፣ የመሐሉን መደገፊያ በልኩ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዕዳው ሲከፈል ምን እንደሚመስል ለማየት የወለቀ ክሮቼራን በእጅ ይዞ መመርመር ነው። ከመስቀሉ አራት ክንዶች ላይ ኩባያዎቹ ሲነቀሉ በውስጣቸው እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ ጤነኛው ግሪስ የጠጣና እንደ መስተዋት ያበራ ሲሆን፣ በማዕዘን ብዛት የተጎዳው ግን በክንዱ ላይ መርፌዎቹ አንድ በአንድ የተኙበት ጥልቅ መስመር ተቀርጾበት፣ በኩባያው አፍ ዙሪያም ደረቅ ቀይ የዝገት ዱቄት ተርከፍክፎበት ይገኛል። መኪናው ላይ ሳለ የሚሰጠው ምልክት በዝግታ ሲሄድ እንደ ወፍ ጭጭ ማለት፣ ማርሽ ሲለወጥ ቋ የሚል ድምፅና ፍጥነት ሲጨመር ከወለሉ ወደ እግር የሚመጣ ንዝረት ነው።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ በጎማዎቹ ቆሞ የዘወትር ሸክሙን እንደያዘ፣ የካምቢዮው መውጫ፣ የዘንጉና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ዝንባሌ በማዕዘን መለኪያ ይለካ፣ ይጻፍም፤ ዘንጉ ከመውለቁ በፊት በእጅጌውና በዘንጉ ላይ በቀለም አንድ መስመር ይሠመር፣ ሹካዎቹ አቅጣጫ ስተው እንዳይገጠሙ። ሥራው ሲያልቅ ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው፣ ዘንጉ በእጅ ይዙር፤ በዚህ ጊዜ የሚይዘው ነገር ካለ ወይም እጅጌው ለመውለቅ ከቀረበ፣ ሱባ አቀበት ላይ ከመታየቱ በፊት ጋራዡ ውስጥ ይታያል። የፍሬን ቱቦዎችም በዚያው ሰዓት ይመርመሩ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ማሰሪያ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፤ ክሮቼራዎቹም፣ ግሪስ መቀበያ ካላቸው፣ አሮጌው ግሪስ ከአራቱም ኩባያዎች እስኪወጣ ድረስ አዲሱ ይሞላላቸው።