ድምፁ የጠፋው ሪል

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ቆመዋል። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እንግሊዛዊት ናቸው።

«አንተ ኮምፒውተር ትሠራለህ አይደል? እንግዲያው ይህንንም አታጣውም» አሉኝ።

ሶፍትዌር እንጂ ብረት እንደማልጠግን ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም። ጨርቁን ስፈታ ጥቁር ግራጫ፣ ክብ፣ መዳፍ የሚሞላ ዕቃ ወጣ። የዓሣ ማጥመጃ ሪል ነው። ያረፉት ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን የተጠቀሙበት ነው።

«የልጅ ልጄ በሰኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮኬት ወንዝ ሊወርድ ነው። ድምፁ ጠፍቷል፤ ድምፁን መልስልኝ። ደግሞ እስኪያብረቀርቅ ወልውልልኝ» አሉ።

የመጀመሪያውን ልሞክር እችላለሁ። ሁለተኛው ግን አስፈራኝ።

ሪል ምንድን ነው?

በተለመደው አጠማመድ ክሩን ወደ ውኃ የሚወስደው መንጠቆው ላይ የታሰረው ክብደት ነው። «ፍላይ ፊሺንግ» በሚባለው አጠማመድ ግን መንጠቆው ላይ ከላባና ከፀጉር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ይታሰራል። ዝንቡ ክብደት የለውም። ስለዚህ ክሩ ራሱ ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይሠራል፤ አጥማጁም ክሩን እንደ ጅራፍ በአየር ላይ እያወዛወዘ ይወረውረዋል።

ሪል ይህ ክር የሚጠቀለልበት ከበሮ ነው። ውስጡ ጥርስ ያለው ትንሽ ጎማና በሞላ የሚገፋ ብረት አለ። ዓሣው ክሩን ይዞ ሲሮጥ ብረቱ ጥርሶቹን እየመታ «ትርርርር» ይላል። ያ ድምፅ ለአጥማጁ ዓሣው ምን ያህል እንደሚሮጥ ይነግረዋል፤ ከበሮውም ከልክ በላይ እንዳይፈጥን ይይዘዋል።

የመጀመሪያው ጥፋቴ

ወደ ኒውካስል የመጣሁት ለማስተርስ ትምህርት ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ከእሑድ ገበያ አንድ አሮጌ ሪል በ20 ፓውንድ ገዛሁ። ጥቁርና የቆሸሸ መሰለኝ። በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈግሁት፤ ከዚያ በብረት ማንጫ ወለወልሁት። እንደ መስታወት ፊት አሳየ። ደስ ብሎኝ የድሮ ሪሎች ለሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ አሳየኋቸው።

ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና «ዕድሜውን ፍቀህ ጣልኸው» አሉኝ።

ቆሻሻ የመሰለኝ ነገር ከፋብሪካው የወጣበት መልኩ ነበር። በዚያ ዘመን አሉሚኒየሙ ፀሐይ ላይ አብረቅርቆ ዓሣ እንዳያስደነግጥ እርሳስ ባለበት ውህድ ይጠቆር ነበር። ሰብሳቢዎች ከምንም በላይ የሚፈልጉት ያንን ጥቁር መልክ ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ደግሞም እርሳስ መርዛማ ስለሆነ መፈግፈጉ ለራሴም ጤና መጥፎ ነበር።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

የጎረቤቴን ሪል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከመንካቴ በፊት አነበብሁት።

ፊቱ ላይ «ፐርፌክት» የሚል ስም አለ። ይህን ሪል የሠራው ሃርዲ ብራዘርስ የሚባለው ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 አኒክ በምትባል ከተማ ተቋቋመ። አኒክ ከኒውካስል በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። «ፐርፌክት» ለገበያ የቀረበው በ1891 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለተሠራ ስሙ ብቻ ዕድሜውን አይናገርም። ሌሎች ምልክቶች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ ከድርጅቱ ስም ቀጥሎ «ሊሚትድ» ተጽፏል። ሃርዲ ሊሚትድ የሆነው በ1907 ነው፤ ስለዚህ ሪሉ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ «ማርክ ቱ» የሚል ማኅተም አለው፤ ይህ የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገደማ ነው። ሦስተኛ፣ በእርሳስ ጠቁሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ድርጅቱ ሪሎቹን ግራጫ ቀለም ይቀባ ነበር። ሦስቱን ስንደምር ሪሉ በሁለቱ ጦርነቶች መካከል የተሠራ ይመስላል።

ይህን ስነግራቸው ጎረቤቴ ተገረሙ። «ባለቤቴ የተወለደው በ1934 ነው። በመጀመሪያ ደመወዜ አዲስ ገዛሁት ነበር የሚለኝ።»

«ወይ ያገለገለ ገዝተዋል፣ ወይ ከሰው ወርሰዋል» አልሁ።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «አባቱ አጥማጅ ነበሩ። ትልቁ ልጃቸው በጦርነቱ ከሞተ በኋላ ወንዝ ወርደው አያውቁም። በቤቱም ስለ ዓሣ አይወራም ነበር። ለዚህ ይሆናል ገዛሁት ያለኝ» አሉ።

ማደስ ማለት

ሥራ ላይ ኮድ ከመቀየሬ በፊት የቀድሞውን ቅጂ አስቀምጣለሁ። እዚህም እያንዳንዱን ደረጃ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ፐርፌክት ውስጥ ከበሮው የሚዞርባቸው ጥቃቅን የብረት ኳሶች ስላሉ ነጭ ፎጣ ዘርግቼ ነው የፈታሁት። አንዷ ኳስ ወድቃ ብትንከባለል አንድ ቀን ሙሉ መፈለግ ነው።

ካቻቢቴው የብሎኑን አፍ በትክክል መሙላት አለበት፤ ካልሞላ አፉን ያበላሻል። እንቢ ያለ ብሎን አይገፋም፤ ዘይት ጠብ አድርጎ እስከ ነገ መተው ይሻላል። (ካቻቢቴና ሞላ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። እኔ የተማርኋቸው አዲስ አበባ፣ አባቴ ሬዲዮ ሲፈታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው።)

ሪሉን ስከፍተው ሞላው አልተሰበረም። የድሮው ግሪስ ደርቆ እንደ ሙጫ ስለያዘው ነበር ድምፁ የጠፋው። በጥጥ ጫፍ ጥቂት ነጭ ጋዝ ነክሬ አለሰለስሁት። የውጭውን ክፍል ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ብቻ አጠብሁ፤ በደንብ አደረቅሁ፤ ውስጡን ቀጭን ዘይት ቀባሁ። እጄንም ታጠብሁ።

ሽፋኑ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ፊደላት ተቀርጸው አገኘሁ። የሃርዲ ሠራተኞች የሠሩት ሪል ውስጥ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደላት ያትሙ ነበር።

ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ቀጥሎ በመያዣው አጠገብ ጥቁሩ መልክ አልቆ አሉሚኒየሙ የታየበትን ቦታ አሳየኋቸው።

«ይህ የጣት ምልክት ነው። ከወለወልሁት አብሮ ይጠፋል» አልኋቸው።

አውራ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። «እንግዲያው ተወው» አሉ።

ከዚያ ክሩን ሳብ አደረጉት። ትርርርር አለ።

«ከወንዝ ሲመለስ በጓሮ በር በኩል ነበር የሚገባው። መምጣቱን እንዳውቅ ክሩን እንዲህ ይስበዋል» አሉኝ።

በሰኔ የልጅ ልጃቸው ኮኬት ወርዶ ቀኑን ሙሉ ዋለ። አንድም ዓሣ አልያዘም። ማታ ግን ወጥ እየሠራሁ ሳለ ከጎረቤቴ ጓሮ ትርርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ።