ሰዓቱ ያልተጻፈበት ደም

ከጋሪ ፈረስ የተቀዳ ደም እጄ ሲገባ አስቀድሜ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ መጨረሻ የበላው መቼ ነው? ጋሪ የጎተተውስ? ደሙ የተቀዳው ስንት ሰዓት ላይ ነው? መልሱን ካላገኘሁ የላቦራቶሪውን ቁጥር ማመን ይከብደኛል።

ከጣፊያ እንጀምር። ፈረስ ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ ጣፊያው ይኮማተርና ያከማቸውን ቀይ የደም ሕዋስ ወደ ደም ሥር ይለቃል። በዕረፍት ጊዜ 35 በመቶ አካባቢ የነበረው የቀይ ሕዋስ ድርሻ በደቂቃዎች ውስጥ ከ50 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እየታገለ የተቀዳ ደም የደም ማነስን ሊሸፍንብን ይችላል።

ምግብም እንዲሁ ያሳስታል። አንድ ሁለት ቀን ያልበላ ፈረስ ጉበቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቢሊሩቢኑ ይጨምራል፤ የዓይኑ ነጭም ቢጫ ሊመስል ይችላል። ኢንሱሊን ሊለካለት የመጣ ፈረስ ደግሞ ጠዋት ገብስ ወይም ፉርሽካ ከበላ ሳይታመም ቁጥሩ ከፍ ይላል። በወፍራም ፈረስ ላይ ከፍ ብሎ የሚዘልቅ ኢንሱሊን ግን ሰኮናውን ከውስጥ ስለሚጎዳ በትክክል መለካት አለበት።

የጡንቻ ጉዳት ሲኖር ሲኬ የሚባለው ኢንዛይም በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ ቶሎ ይወርዳል፤ ኤኤስቲ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ግን ቀስ ብሎ ይወጣና ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ሲኬው ወርዶ ኤኤስቲው ብቻ ከፍ ካለ፣ ጉበቱም ደህና ከሆነ፣ ጉዳቱ የሰነበተ ነው ማለት ነው።

የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን ወደ ደም ይፈስሳል። ለዚህ ከማውቃቸው ምክንያቶች አደገኛው የዶሮ መኖ ነው። ዶሮን ከኮክሲዲዮሲስ ለመጠበቅ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሞኔንሲን ዶሮ በደህና በሚችለው መጠን ፈረስን ይገድላል። በሕይወት የተረፈ ፈረስ ከሳምንታት በኋላ ደሙ ቢታይ ትሮፖኒኑ ወደ ቦታው ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ልቡ ላይ ግን ጠባሳ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ፈረስ ልቡ በአልትራሳውንድ ሳይታይ ወደ ጋሪ መመለስ የለበትም።

አህያ ላይ ሰዓት ይበልጥ ይጨክናል። ሕመሟን ችላ ዝም ስለምትል፣ መብላት ማቆሟ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ምግብ ሲቋረጥ፣ በተለይ ያረገዘች ወይም የምታጠባ ከሆነች፣ ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ ወደ ደም ይለቅና ጉበቷ ማስተናገድ ያቅተዋል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደሟ ስብ በዴሲ ሊትር ከ500 ሚሊግራም ሲያልፍ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ላቦራቶሪ ሩቅ ቢሆን እንኳ የደሙን ቱቦ አቁሙና ጠብቁ፤ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ወተት ከመሰለ ውጤት ሳትጠብቁ ወዲያው ሕክምናና ምግብ ማግኘት አለባት።

በየወረዳው ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ቱቦው ላይ የበላበትን፣ የሠራበትንና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ጻፉ። ሰዓቱን የሚያውቀው ከእንስሳው ጋር የሚውለው ባለጋሪ ነውና መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት እሱን አዳምጡት። የቤተሰቡ እንጀራ በዚያ ፈረስ ላይ ነው፤ በተሳሳተ ቁጥር ለማይረባ መድኃኒት ገንዘብ ሊያወጣ አይገባም።